ብቻውን የበላ ልጅ

አማርኛ ለስግብግብ ሰው ስም አያጣም። ሆዳም፣ ስስታም፣ አልጠግብ ባይ፣ ገብጋባ፣ ቋጣሪ… ዝርዝሩ ብዙ ነው። ችግሩ እነዚህ ስሞች ከአዋቂ ይልቅ ልጅ ላይ መለጠፍ ይቀናቸዋል። አዋቂ ሰው የሌላውን ድርሻ ሲወስድ «ብልጥ ነው»፣ «ያውቅበታል» ይባልለታል። የወንድሙን ቁራሽ ያነሳ የስምንት ዓመት ልጅ ግን «ሆዳም» ተብሎ ይቀራል። ስሙም አብሮት ያድጋል።

ከእነዚህ ቃላት መካከል አንዷ ግን ሁለት ፊት አላት፤ ስስት። «ስስታም» ካልን ስድብ ነው። «እናቱ በስስት አየችው» ካልን ግን ማን ሴትየዋን ይሰድባታል? እንዳታጣው እየፈራች፣ ብታየው ብታየው ዓይኗ አልጠግብ ብሎ ነው። አንድ ቃል ንፉጉንም እናቲቱንም የሚጠራው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ሁለቱም ልብ ውስጥ «እንዳያልቅብኝ» የሚል ፍርሃት አለ። ልዩነቱ አንዱ ለራሱ ሲፈራ ሌላዋ ለሰው መፍራቷ ነው።

እስቲ ይህቺን ቃል ይዘን ወደ ፈረንጆቹ የልጆች ተረት እንሻገር። ሩቅ አገር አይደለም። ፒኖኪዮን፣ ናርኒያን፣ ቻርሊንና የቸኮሌት ፋብሪካውን፣ ሃሪ ፖተርን ከተማ ያደጉ ልጆቻችን ቢያንስ በፊልም ያውቋቸዋል። እነዚህ ታሪኮች አስማትና ጠንቋይ የሞላባቸው ይሁኑ እንጂ መሐላቸው ላይ ያለው ጥያቄ የቤታችን ጥያቄ ነው፤ ልጅ የስስት ፈተና ሲመጣበት ምን ይመርጣል? ለምንስ ያን ይመርጣል? ደግሞም ተረቶቹ ከሰማይ ዱብ አላሉም። እያንዳንዳቸው የተጻፉበት ዘመን የራሱ ረሃብና የራሱ ጥጋብ ነበረው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ከእንጨቱ ልጅ እንጀምር። ካርሎ ኮሎዲ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው የፍሎረንሱ ጋዜጠኛ ካርሎ ሎሬንዚኒ የፒኖኪዮን ታሪክ ማውጣት የጀመረው በጁላይ 1881 ነው፤ በአንድ የልጆች ጋዜጣ ላይ፣ በተከታታይ። ጣሊያን አንድ አገር ሆና ከቆመች ገና 20 ዓመቷ ነበር። ድህነቱ ከባድ ነበረና ታሪኩም ከዳር እስከ ዳር ረሃብ ረሃብ ይሸታል። ጄፔቶ ለልጁ የፊደል መጽሐፍ የሚገዛበት ሳንቲም ስላልነበረው በብርድ ወራት ኮቱን ሸጦ ነው የገዛለት። ልጁ ደግሞ ያንን መጽሐፍ ሸጦ የአሻንጉሊት ቲያትር ገባበት። አይ ልጅ!

ቲያትር ቤቱ ውስጥ ግን ነገሩ ተገለበጠ። አስፈሪው የቲያትሩ ጌታ አንጀቱ ተላወሰና ለአባትህ ስጥልኝ ብሎ አምስት የወርቅ ሳንቲሞች ሰጠው። ፒኖኪዮም ሳንቲሞቹን ይዞ ወደ ቤቱ ሲገሰግስ የሚያስበው አንድ ነገር ነበር፤ ለአባቴ ኮት እገዛለሁ፣ ለራሴም የፊደል መጽሐፍ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ልጁ ገና ስግብግብ አልሆነም። ስስቱ የእናቲቱ ዓይነት ስስት ነው።

መንገድ ላይ አንድ ቀበሮና አንዲት ድመት አገኙት። አንዱ ሽባ ነኝ ባይ፣ ሌላዋ ዕውር ነኝ ባይ። ወርቁን ሲያዩ ቀበሮው ሽባ እግሩን ዘረጋ፣ ድመቷም ዓይኗን ከፈተች። «የተአምር ማሳ» የሚባል ቦታ አለ አሉት። ሳንቲምህን ብትዘራው ያድራል፣ ይበቅላል፣ አምስቱ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ይሆናል። ፒኖኪዮ በደስታ ዘለለ። ከዚያም ሂሳቡን ሠራ፤ ሁለቱ ሺህ ለእኔ፣ አምስቱ መቶ ለእናንተ። ሁለቱ አጭበርባሪዎች ስጦታ ሲባሉ ተቆጡ። እኛ ለጥቅም አንሠራም፣ ሰውን ለማበልጸግ ነው የምንደክመው አሉ!

ይህን ዓይነት ንግግር ዛሬ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። «ብርህን ስጠኝና በወሩ እጥፍ አድርጌ ልመልስልህ» የሚለው ዘዴ ስሙ ይቀያየር እንጂ ኮሎዲ በ1881 ከጻፈው አንዲት ስንዝር አላለፈም። እኔን የገረመኝ ግን ማታለሉ አይደለም፣ ሂሳቡ ነው። ሁለት ሺህ ለእኔ፣ አምስት መቶ ለእናንተ። አባትየውስ? ኮቱስ? የሉም። ልጁ ቆየት ብሎ ሀብታም ስሆን እያለ ሲያልም ቤተ መንግሥት አለ፣ አንድ ሺህ የእንጨት ፈረስ አለ፣ በመጽሐፍ ፋንታ በኬክና በጣፋጭ የተሞላ ቤተ መጻሕፍት አለ። በብርድ ኮቱን የሸጠው ጄፔቶ ግን በሕልሙም አልገባ። ስስቱ ፊቱን ያዞረው እዚህ ጋ ነው። ወርቁ ሲበዛ ሰው ጎደለበት።

መጨረሻው የታወቀ ነው። አንዱ ሳንቲም ቀበሮና ድመት እስኪጠግቡ ለበሉበት ማደሪያ ሄደ፣ የቀሩት አራቱ ከጉድጓዳቸው ተሰረቁ። አቤት ብሎ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ደግሞ ዳኛው ጎሪላ ነበርና ተሰረቅሁ ያለውን ራሱን አራት ወር አሰረው። መቼም ኮሎዲ ፍርድ ቤት የሚያውቅ ሰው ነው። ልጁ የሚድነው በታሪኩ መጨረሻ ነው፤ ለራሱ ልብስ ሊገዛበት ለፍቶ ያጠራቀማትን 40 ሳንቲም ታማ ለተኛችው ለደግዋ እመቤት አንስቶ ሲሰጥ። በማግስቱ እውነተኛ ልጅ ሆኖ ነቃ። ሂሳቡ ውስጥ ሰው ተመለሰበት ማለት ነው።

ፒኖኪዮ በድሀ አገር ድሀ የሆነ ልጅ ነው። አሁን ደግሞ ሀብታም የነበረች አገር ስኳር ወዳጣችበት ጊዜ እንለፍ። እንግሊዝ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት።

በሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 የእንግሊዝ መንግሥት ልጆችን ከከተማ ወደ ገጠር ማሸሽ ጀመረ። በጥቂት ቀናት ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ተጓጓዘ፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። አንገታቸው ላይ ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት አንጠልጥለው፣ የጋዝ መከላከያ ጭንብላቸውን በሳጥን ይዘው በባቡር ተጫኑ። የማያውቁት ሰው ደጃፍ ላይ ወረዱ። ከእነዚህ ልጆች ጥቂቶቹ ኦክስፎርድ አጠገብ፣ ሲ. ኤስ. ሉዊስ የተባለ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከሚኖርበት ቤት ደረሱ። ሰውየው ልጅ አልነበረውም። እናቱንም ያጣው በዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከእናት የተለየ ልጅ ማደሪያ ሲቀየርበት ምን እንደሚሰማው ከማንም ሰምቶ አይደለም የሚያውቀው።

በጃንዋሪ 1940 ስኳር፣ ቅቤና የአሳማ ሥጋ በራሽን ሆነ። በጁላይ 1942 ከረሜላና ቸኮሌት ተጨመረ። የአንድ ሰው ድርሻ ከፍና ዝቅ ይበል እንጂ ባብዛኛው በሳምንት 85 ግራም ገደማ ነበር። በኩፖን፣ በሰልፍ። በደርግ ዘመን ከቀበሌ ኅብረት ሱቅ ስኳር ለመውሰድ የተሰለፈ አንባቢ ይህን ለማሰብ ብዙ አይቸገርም። ልዩነቱ የእንግሊዞቹ ራሽን ጦርነቱ ካለቀ በኋላም መቆየቱ ነው። በአፕሪል 1949 «ከረሜላ ነፃ ወጥቷል» ተባለ። ሕዝቡ ሱቁን ሁሉ አራቆተው። በአራት ወር ውስጥ፣ በኦገስት፣ ራሽኑ ተመለሰ! ልጆች ብቻ እንዳይመስሏችሁ፤ የከረሜላ ገንዘብ በእጁ ያለው አዋቂው ነው። ከረሜላ ለዘለቄታው ነፃ የወጣው በፌብሩዋሪ 1953 ነበር።

እንግዲህ የሉዊስ መጽሐፍ፣ አንበሳው፣ ጠንቋይቱና ቁም ሳጥኑ የሚሉት፣ የታተመው በኦክቶበር 1950 ነው። ከረሜላ በኩፖን በሆነበት ዘመን ማለት ነው። ታሪኩም ከአየር ድብደባ ሸሽተው ከለንደን ወደ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ቤት ስለተላኩ አራት ልጆች ነው፤ ፒተር፣ ሱዛን፣ ኤድመንድና ሉሲ። በቁም ሳጥን ውስጥ ሲገቡ ናርኒያ የሚባል በረዶ የነገሠበት አገር ይወጣሉ።

ኤድመንድ ብቻውን በገባበት ቀን ነጭዋ ጠንቋይ በበረዶ ሠረገላዋ ስታልፍ አገኘችው። ብርዱ አንዘፍዝፎታል። ካባዋን አለበሰችው፣ ትኩስ መጠጥ ሰጠችው፣ ቀጥላም «ምን ብትበላ ደስ ይልሃል?» አለችው። ልጁ የመረጠው ሎኩም የሚባለውን የቱርኮች ጣፋጭ ነው፤ ከስኳርና ከስታርች የሚሠራ፣ በጽጌረዳ ውሃ የሚያውድ። ወዲያው በርካታ ፓውንድ የያዘ ሳጥን ከተፍ አለ። የአንድ ፓውንድ ሎኩም ክብደት በጊዜው የአንድ ሰው የአምስት ሳምንት ራሽን ነው። ሳጥኑ ሙሉ ነበር። በ1950 ይህን ያነበበ የእንግሊዝ ልጅ ምራቁን ሳይውጥ ያለፈ አይመስለኝም። የዛሬ አንባቢ «ለከረሜላ ብሎ ወንድሞቹን ሸጠ?» እያለ የሚገረመው ራሽኑን ስለማያውቀው ነው።

ጠንቋይቱ ግን ማብላት ብቻ አይደለም የያዘችው። ሦስት ነገር አድርጋለች። አንደኛ፣ የጎደለውን አወቀች። ሁለተኛ፣ ብቻውን አበላችው። ሦስተኛ፣ በምስጢር አሰረችው፤ ወንድምና እህቶችህን አምጣልኝ፣ ስለ እኔ ግን ምንም አትንገራቸው፣ የእኔና ያንተ ምስጢር ይሁን አለችው። እስከዚያው አንዲት እንኳ ለመንገድ አልሰጠችውም። ሎኩሙ የተደገመበት ነበርና አንዴ የቀመሰው ሌላ ይመኛል፣ ካገኘም እስኪሞት ይበላል።

ይህን ከሉሲ ታሪክ ጋር አስተያዩት። ሉሲም ናርኒያ ስትገባ መጀመሪያ ያገኛት ፍጡር አሳልፎ እንዲሰጣት በጠንቋይቱ የታዘዘ ነበር። ግን ቤቱ ወስዶ ሻይና እንቁላል፣ ቂጣና ኬክ አቀረበላት። አብረው በሉ። አብሯት ከበላ በኋላ አሳልፎ መስጠት አቃተው፤ አልቅሶ ተናዘዘና ሸኛት። አንድ ማዕድ ላይ የተቀመጠ ሰው ሌላውን መሸጥ ይከብደዋል። ማዕድ ያልተጋራ ግን… የእኛ ሰው «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ለእርግማን ብቻ አይመስለኝም።

ኤድመንድ ከዚያ ቀን በኋላ ምግብ ጣዕም አጣበት። በቢቨሮቹ ጎጆ ወንድምና እህቶቹ ትኩስ ዓሣና ድንች እየሳቁ ሲበሉ እሱ ልቡ ሎኩሙ ጋ ነበር። ሹልክ ብሎ ወጣ። በበረዶው ውስጥ እየተንገዳገደ ወደ ጠንቋይቱ ቤት ሲሄድ ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ? ንጉሥ ስሆን የምሠራው ቤተ መንግሥት፣ የሚኖሩኝ መኪናዎች፣ የግሌ ሲኒማ ቤት። የፒኖኪዮ ሕልም ወንድም ነው! በ1881ም በ1950ም የስስት ሕልም ሰፊ ቤት ነው፣ ሰው ግን የለበትም።

ጠንቋይቱ ቤት የጠበቀው ደረቅ ዳቦና ውሃ ነበር። ያም አልመለሰውም፤ አስፈራው እንጂ። ልቡን የመለሰው ሌላ ነገር ነው። መንገድ ላይ ጥቂት እንስሳት ከነልጆቻቸው ለገና ማዕድ ከበው ሲበሉ አገኙ። ጠንቋይቱ ይህን ስታይ በቁጣ ነደደች። ኤድመንድ «ተዪያቸው!» ብሎ ጮኸ። አልሰማችውም፤ ሁሉንም በተቀመጡበት ድንጋይ አደረገቻቸው። ሉዊስ የሚነግረን በዚያ ታሪክ ውስጥ ልጁ ከራሱ ውጭ ለሌላ ሰው ያዘነው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑን ነው። ምን አይቶ አዘነ? የተበተነ ማዕድ። ብቻውን ሲበላ የጠፋው ልጅ አብረው የሚበሉ ሰዎች ሲጠፉ አይቶ ተመለሰ።

ሉዊስ ይህን ከራሱ ሕይወትም ያውቀው ነበር። በራሽኑ ዓመታት ባልቲሞር የሚኖር አንድ አሜሪካዊ ሐኪም የአሳማ ሥጋ በጥቅል ይልክለት ነበር። በዚያ ጊዜ ያ ትልቅ ሀብት ነው። ደብቆ መብላት ይችል ነበር። እሱ ግን በ1948 ወዳጆቹን ኮሌጁ ውስጥ ሰብስቦ አብረው በሉና የምስጋናውን ደብዳቤ ሁሉም ፈረሙበት።

«እንግዲያውስ ማጣት ነው ልጅን ስግብግብ የሚያደርገው» የሚል ሰው ይኖራል። እንዲያ ቢሆንማ ድሀ ሁሉ ስግብግብ፣ ሀብታም ሁሉ ደግ በሆነ ነበር። ይህን በደንብ ያፈረሰው ሌላው እንግሊዛዊ ጸሐፊ ሮልድ ዳል ነው። ቻርሊና የቸኮሌት ፋብሪካው በ1964 ሲወጣ ራሽን ካበቃ አሥር ዓመት ሆኖታል። ዘመኑ የቴሌቪዥን፣ የማስቲካና የሞላ ሱቅ ነው። ወደ ፋብሪካው ለመግባት ወርቃማ ትኬት ካገኙት አምስት ልጆች አራቱ የጠገቡ ናቸው። አንደኛዋማ አባቷ ቸኮሌቱን በመኪና አስጭኖ ለሠራተኞቹ ትኬቷ እስክትገኝ እያስላጠ ነው ያስገኘላት። አራቱም በየተራ በገዛ አልጠግብ ባይነታቸው ይወድቃሉ።

አምስተኛው ቻርሊ ነው፤ የጎመን ሾርባ እየጠጣ የሚያድር። ቸኮሌት የሚያገኘው በዓመት አንዴ፣ በልደቱ ቀን ነው። በዚያ ቀን ቸኮሌቷ ስትከፈት መጀመሪያ የሚያደርገው ዙሪያውን ላሉት አያቶቹና ወላጆቹ ቅመሱልኝ ማለት ነው። ዳል ቻርሊን መልአክ አላደረገውም። በረዶ ውስጥ ገንዘብ ወድቆ ሲያገኝ የተረፈውን ለእናቴ እወስዳለሁ ብሎ አንድ ቸኮሌት ይገዛል፣ በሁለት በሦስት ጉርሻ ይጨርሰዋል፣ «አንድ ብቻ ልድገም» ብሎ ይደግማል። ትኬቷ የተገኘችው በዚያችው በተደገመችው ነው! ልጁም የተራበ ሰው ነው፣ አፉ ምራቅ ያዝላል። ግን ሂሳቡ ውስጥ እናቱ አለች። ኤድመንድ የሚያጣው ከረሜላ ነው፤ ቻርሊ የሚያጣው ዳቦ ነው። የባሰ የተራበው ይልቁን አካፈለ። ስለዚህ ስግብግብነት የሆድ ጉዳይ አይደለም፣ የማዕድ ጉዳይ ነው።

ዳል ቸኮሌትን የወደደው በልጅነቱ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በተማረበት አዳሪ ትምህርት ቤት ካድበሪ የተባለው የቸኮሌት ድርጅት አዳዲስ ምርቱን በሳጥን እየላከ ተማሪዎቹን ያስቀምስ፣ ነጥብም ያሰጥ ነበር። ሳጥኗ ለልጆቹ ተአምር ነበረች። ከሳጥኗ ጀርባ ግን ልጆቹ የማያዩት ታሪክ ነበር። ድርጅቱ እስከ 1909 ድረስ ካካዎ ይገዛ የነበረው ፖርቱጋል ትገዛት ከነበረችው ከሳኦ ቶሜ ደሴት ነው፤ እዚያ የሚሠሩት ደግሞ ከአንጎላ የተጋዙና ከባሪያ የማይሻሉ ሰዎች ነበሩ። የድርጅቱ ሰዎች ወሬውን ከሰሙ ዓመታት አልፈው ነበር። አንድ ጋዜጣ በ1908 ይህንኑ ሲጽፍባቸው ስማችን ጠፋ ብለው ከሰሱ። በ1909 ፈረዱላቸው፤ ካሣው ግን አንድ ፋርዚንግ፣ የአንድ ሳንቲማቸው ሩብ፣ ከገንዘባቸው ሁሉ ትንሿ ነበረች። ዳኞቹ በትንሿ ሳንቲም ትልቅ ነገር ተናገሩ።

የባሰው ደግሞ ይህ የስስት ተረት ራሱ ያው ጥላ የወደቀበት መሆኑ ነው። በ1964 እትም የፋብሪካው ሠራተኞች ከአፍሪካ ጫካ በሳጥን ታሽገው የመጡ ድንክ ጥቁሮች ነበሩ። ደሞዛቸውም የካካዎ ፍሬ። በአሜሪካ ተቃውሞ ሲበረታ በ1973 እትም መልካቸውና አገራቸው ተለወጠ። ልብ ካልን ነገሩ ያስተክዛል። ከቸኮሌቱ ወንዝ በእጁ የጠጣውን ልጅ ወንዙ ሲወስደው ሁላችንም «ይበለው» ብለን ሳቅን። ሰው በሳጥን ያስጫነውን የፋብሪካውን ጌታ ግን ብዙ አንባቢ ለዓመታት «ደግ ሰውዬ» ብሎ አለፈው። መጀመሪያ ላይ ያልኩትን አትርሱ፤ ስሙ የሚለጠፈው ልጁ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ትልቁ የተረት ልጅ ሃሪ ፖተር ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው በ1997፣ በጥጋብ ዘመን ነው። የአክስቱ ልጅ ደድሊ በልደቱ ማለዳ ስጦታውን ቆጥሮ 36 ብቻ መሆኑን ሲያውቅ፣ ካምናው በሁለት አነሰ ብሎ ቤቱን ሊገለብጥ ይደርሳል። በዚያው ቤት ከደረጃ ሥር ባለች ቁም ሳጥን ውስጥ የሚያድረው ሃሪ ግን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዘብ በእጁ ሲገባ፣ ባቡር ላይ ከሁሉም ዓይነት ጣፋጭ ገዝቶ ቤቱ በታሸገለት ሳንድዊች ላቀረቀረው ለሮን አካፈለ። እስከዚያን ቀን የሚያካፍለው ነገርም፣ የሚያካፍለው ሰውም አልነበረውም። የመጽሐፉ ፍጻሜም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ወርቅና ዕድሜ የሚሰጠው ድንጋይ የተደበቀው ሊያገኘው የሚፈልግ፣ ሊጠቀምበት ግን የማይመኝ ሰው ብቻ እንዲያገኘው ተደርጎ ነው። ኪሱ ውስጥ የገባው ለሃሪ ነበር።

አራቱን ታሪኮች አንድ ላይ ስናያቸው ልጅን በስስት የሚያጠምድ ሰው መንገዱ አንድ ነው። መጀመሪያ የጎደለውን ያጠናል። ቀጥሎ ከወንድምና እህቱ፣ ከእናትና አባቱ ለይቶ ብቻውን ያበላዋል። ከዚያ «ለማንም እንዳትናገር» ይለዋል። ካባ ለባሿ ጠንቋይም ሆነች ዛሬ ለልጅ ስልክና ጫማ የሚገዛ «ደግ» ሰው፣ ሦስተኛዋ ቃል ከመጣች ወላጅ መንቃት አለበት። ልጅን ከዚህ የሚጠብቀው «አትስገብገብ» የሚል ስብከት አይመስለኝም። አብሮ የሚበላበት ማዕድ ነው። አነሰም በዛም «ያንተም ድርሻ ይኸው፣ የእህትህም ይኸው» የሚባልበት ቤት። የእንግሊዞቹም ራሽን ቢያስመርርም ይህችን አንዲት ነገር አደረገ፤ ሁሉም ድርሻ እንዳለው በደብተር ጻፈ።

አንድ ነገር ቀረን። ልጁ አንዴ ከተሳሳተስ? ኤድመንድ ትንሽ ጥፋት አይደለም ያጠፋው፤ ወንድምና እህቶቹን አሳልፎ ሰጥቷል፣ የሱን ሞት አንበሳው አስላን ሞቶለታል። ሉዊስ ግን ልጁ ሲፈጠር እንዲህ ነበር አይለንም። መበላሸት የጀመረው በክፉ ትምህርት ቤት የገባ ጊዜ መሆኑን አንድ ቦታ ላይ ጣል አድርጎልን ያልፋል። ልጁ ከጠንቋይቱ እጅ በወጣ ማለዳ ደግሞ አስላን ለብቻው ወስዶ አነጋገረው። የተባባሉትን ማንም አልሰማም። ከዚያ ወደ ወንድምና እህቶቹ መልሶ፣ ስላለፈው ነገር ከእንግዲህ ልታነሱበት አያስፈልግም አላቸው። ኤድመንድ ለእያንዳንዳቸው ይቅርታ ጠየቀ፣ ጨበጡት፣ አለቀ። ከወንድምና እህቶቹ ማንም «ያ ከሐዲ»፣ «ያ ሆዳም» ብሎ አልጠራውም።

ልጁ ናርኒያ ላይ ነገሠ፤ ሲያድግም ስም ወጣለት። ፍትሐዊው ንጉሥ ኤድመንድ ተባለ። በ1954 በወጣው ሌላው የናርኒያ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ምርኮኛ ከሐዲ ሊፈረድበት ሲቀርብ፣ ከሐዲም ሊታረም ይችላል ብሎ የተሟገተው እሱ ነው። ማን ይወቅ እንግዲህ! የቤቱ ሰዎች በዚያች ማለዳ «ሆዳም» የሚለውን ስም ለጥፈውበት ቢሆን ኖሮ ይኼኛው ስም መለጠፊያ ቦታ ባላገኘ ነበር።